የአገሩን ስም ስለ ወሰደ መጽሐፍ

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ ለሚ፥ አራብሳ፥ ቡልቡላ የሚባሉትን ስሞች ይሰማል። ሜዳው በሕንፃ ቢሸፈንም ስሞቹ በኦሮምኛ እንደ ተጠሩ ቀርተዋል። በዚያ ሜዳ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን በተሠራ ቍጥር፥ የየትኛውም ማኅበር ቢሆን፥ ሰባኪው ለማን በምን ቋንቋ ይናገራል የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። በ2023 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በጥር ወር በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በተነሣው ብርቱ ክርክር ውስጥ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የአገልግሎት ቋንቋ ነበረ። ነገር ግን ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ መልስ ሰጥቶበት ነበር። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ ሲመሰገን ይሰማል፤ ሲመረመር ግን እምብዛም አይታይም።

ተርጓሚው ኦኔሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር የተወለዱ፥ በልጅነታቸው ተሽጠው በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡ፥ በስዊድን የተማሩ ሰው ናቸው። የስዊድን ሚስዮን ወደ ኦሮሞ አገር ሊገባ ደጋግሞ ቢሞክር መንገዱ ተዘጋበት። ስለዚህ ሥራው ተገለበጠ፤ ሰባኪው ሳይደርስ መጽሐፉ ተዘጋጀ። አዲስ ኪዳን በ1893 ምጽዋ አጠገብ በምኵሉ፥ መላው መጽሐፍም በ1899 በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታተመ።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ነበረ። በልጅነቱ ከአገሩ የተነጠቀ ሰው የእናቱን ቋንቋ ምን ያህል ይዞ ይቀራል? ለዚህ መልስ የሆነችው አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም በ1886 ከባርነት ነፃ ወጥታ ወደ ምኵሉ የመጣች ወጣት ስትሆን፥ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑትን ቃላት ሰበሰበች፤ ከመቶዎች የሚቈጠሩ ዘፈኖችን፥ ተረቶችንና ምሳሌዎችንም ከትዝታዋ አውጥታ ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። ተረትና ዘፈን ለወንጌል ምን ይረባል የሚል መምህር በዚያን ዘመንም አይጠፋም ነበር፤ ዛሬም አይጠፋ። ነገር ግን ገበሬ የማይናገረውን ኦሮምኛ ለገበሬ ማንበብ ከንቱ ድካም መሆኑን የምኵሉ ሰዎች ዐውቀውት ነበር። የትርጕሙ ጣዕም ከዚህ የመጣ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ድፍረት ግን በአንድ ቃል ላይ ይታያል። እግዚአብሔርን በምን ስም ይጥሩት? ኦኔሲሞስ ከግዕዝ ወይም ከአማርኛ አልተበደሩም፤ ኦሮሞ ዝናብ ሲለምን፥ ሲመርቅና ሲምል የሚጠራውን ዋቃዮ የሚለውን ስም ወሰዱ። የሚቃወም ሰው፥ ስሙ የቀድሞውን ሥርዐት ሁሉ ተሸክሞ ይገባል ይላል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን የግዕዝ ተርጓሚዎች ያደረጉትን ማስተዋል ይገባል፤ ሃይማኖት፥ ኦሪት፥ ጣዖት የሚሉትን ቃላት ከአራማይስጥ ሲበደሩ፥ ከስሞች ሁሉ ለሚበልጠው ስም ግን እግዚእና ብሔር የሚሉትን የአገሩን ቃላት አጋጠሙ። ኦኔሲሞስ ከዚህ የራቀ ነገር አላደረጉም። የስሙን ፍች ከዘፍጥረት ጀምሮ ያለው ታሪክ ራሱ ይሞላዋል፤ እንግዳ ስም ቢሆን ግን ባዶ ዕቃ ሆኖ በተቀመጠ ነበር።

በፊደሉ ነገር ግን ምስጋናው ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ፊደል መጻፋቸው አማርኛ ማንበብ የሚችለውን ሁሉ ያለ አዲስ ድካም አንባቢ አደረገው፤ ለዘመኑም ብልህ ምርጫ ነበረ። ዳሩ ግን ፊደሉ የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም፤ በዳ ተብሎ የተጻፈው ሲላላ ክፉ፥ ሲጠብቅ ደጋ ማለት ነው። አማርኛም አለ በሚለው ቃል ይህንኑ ጕድለት ይዞ ይኖራል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል። ለሌላው ግን እንቅፋት ነው። ኦሮምኛ ከ1991 ወዲህ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፥ መጽሐፉ ለአዲሱ ትውልድ በዚያው ፊደል መታተም አስፈለገው።

መጽሐፉ ወደ አገሩ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ፈተና ነበረ። ኤርትራዊው ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ከዳንኤል ሉሉ ጋር በ1898 ወለጋ ቦጂ ሲገቡ አዲስ ቤተ ክርስቲያን እንከፍታለን አላሉም፤ ካህን ነበሩና በነበረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እያገለገሉ ለሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ አስተማሩት። በወለጋ የወንጌላውያን ማኅበር መጀመሪያ የሚባለው ይህ ነው። ኦኔሲሞስ ግን በ1904 ነቀምቴ ገብተው በኦሮምኛ ቢሰብኩ፥ ስብከቱን በቋንቋው ምክንያት ሊያደምጡት ያልቻሉት ካህናት ከሰሷቸው። በ1906 አዲስ አበባ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ፤ አፄ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ መስበክ ግን ተከለከሉ። ቋንቋው ያው፥ ወንጌሉም ያው ሲሆን፥ ልዩነቱ በአገባቡ ላይ ነበረ። የቦጂው ካህን ሕዝቡን ብቻ ሳይሆን ደብሩንም አውቀውት ነበር፤ የነቀምቴው ሰባኪ ለገበሬው እጅግ ቀርበው ሳለ ለካህናቱ እንግዳ ሆኑባቸው። ከዚህ የተነሣ መጽሐፉን ነቀምቴ ላይ በተከሰተው ብቻ የሚመዝን ሰው ይበድለዋል፤ ቦጂን ትቶ የሚያወድሰውም ግማሹን ሥራ ይረሳል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ሳይታረም ይኖራል። የ1899ኙ እትም ስመ ገጽ ተርጓሚ አድርጎ የሚጠራው ኦኔሲሞስን ነው፤ የገበሬውን ቃል ወደ መጽሐፉ ያመጣችው አስቴር ግን በዚያ ገጽ ላይ አልተጠቀሰችም።