የሐርጌሳ ካሴቶች

በ1988 እ.ኤ.አ. የሶማሊያው መሪ የሲያድ ባሬ ጦር የሶማሌላንዷን ሐርጌሳ ሲደበድብ፣ ከከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ የዘፈን ክሮች ብዙዎቹ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብረው ተረፉ። ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ይገኛሉ፤ ዑድና ጊታር የተቀባበሉባቸው፣ አንዳንዶቹም ጃዝ ቀመስ የሆኑ ሥራዎች ናቸው። ሁሉም ስልክ ላይ እያለ ካሴት ማጠራቀም ለምን ያስፈልጋል የሚል አይጠፋም። ክር እንደሚሻግትና እንደሚጠላለፍ አልክድም፤ መቀዳቱም ግድ ነው። ግን አንድ ሰው ዋናውን ካላቆየ ስልኩ ላይ የሚጫነው ከየት ይመጣል? ደስታውም ሌላ ነው፦ የላላውን ክር በእርሳስ አጠንክሮ፣ በእጅ የተጻፈውን የዘፋኝ ስም አንብቦ፣ አንዱን ገጽ ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ማድመጥ። ሰብሳቢዎቹ ክብር ይገባቸዋል። እናንተም የወላጆቻችሁን ካሴት ከመጣላችሁ በፊት አስቀዱት።