የፈረንሳይ አውራጃዎች ምግብ ለሕፃናት ሲተረክ

የአንድን ሕዝብ ምግብ ለሕፃናት መግለጽ ቀላል ሥራ መስሎ የሚታየው ላልሞከረው ሰው ብቻ ነው። ሊቅ ለሊቅ ሲጽፍ ጥርጣሬውን ሁሉ በግርጌ ማስታወሻ ያኖረዋል፤ ለሕፃን የሚጽፈው ግን ይህ መጠጊያ ስለሌለው፥ ያልተረጋገጠውን ነገር ወይ ፈጽሞ መተው፥ ወይም እንደ ተረጋገጠ አድርጎ መናገር ይገደዳል። ስለ ፈረንሳይ አገር ባህላዊ ምግብና ስለ የአውራጃው ልዩ ልዩ አሠራር ለትምህርት ቤት ልጆች የተዘጋጁት ጽሑፎች በብዛት ሁለተኛውን መንገድ ተከትለዋል። መልካቸውም እርስ በርሱ ይመሳሰላል። በመጀመሪያ የአገሩ ካርታ ይቀርባል፤ በብሬታኝ ላይ ስስ ቂጣ፥ በኖርማንዲ ላይ ካማምቤር የተባለው አይብ፥ በአልዛስ ላይ በጨው ታፍኖ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ከአሳማ ሥጋ ጋር፥ በላንግዶክ ላይ ካሱሌ፥ በፕሮቫንስ ላይ ቡያቤስ የተባለው የዓሣ ወጥ፥ በቡርጎኝ ላይ ቀንድ አውጣ ተሥሎ ይታያል። ከእያንዳንዱም ሥዕል ሥር አንድ አጭር ታሪክ ይገኛል፤ እረኛ፥ ቄስ፥ ንግሥት ወይም የተከበበ ከተማ የማይገባበት ታሪክ ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ሁሉ ታላቅ አባት፥ በ1877 የታተመው «የሁለት ልጆች የፈረንሳይ ጉዞ» የተባለው የንባብ መጽሐፍ ነው። ደራሲዋ ኦጉስቲን ፉዬ ስትሆን፥ በሽፋኑ ላይ የታተመው ግን ዤ. ብሩኖ የሚል የብዕር ስም ነው። ከ1870–71ቱ ጦርነት በኋላ ጀርመን ከያዘችው ከፋልስቡር ከተማ፥ አንድሬና ዡልየን የተባሉ ሁለት የሙት ልጆች ወጥተው አገሩን አውራጃ በአውራጃ ያዩታል። መጽሐፉ በሚሊዮን በሚቆጠር ቅጂ ስለ ተሠራጨ፥ ከአንድ ትውልድ የሚበልጥ የፈረንሳይ ሕፃን የአገሩን ምግብ በመጀመሪያ ያወቀው በዚህ መጽሐፍ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

መጽሐፉ ዛሬ የሚነቀፍበት ነገር ብዙ ነው። ዓላማው የአገር ፍቅርን መትከል ስለ ሆነ፥ ድኽነትን በትጋትና በቁጠባ ብቻ የሚድን በሽታ አድርጎ ያሳያል። ነገር ግን በአንድ ጉዳይ ከኋለኞቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ምግብን ሥራ አድርጎ ያሳያልና። ልጆቹ ወደ ዡራ ተራሮች በደረሱ ጊዜ የሚያዩት የተሠራ አይብ ብቻ አይደለም፤ ገበሬዎች ወተታቸውን አንድ ላይ አጠራቅመው አይብ የሚያሠሩበትን ማኅበር ያያሉ። ይህ ማኅበር ከየት እንደ መጣ ለማስረዳት ተረት አያስፈልግም። በዚያ አገር የሚሠራው ኮንቴ የተባለው አይብ አንዱ ድቡልቡል ወደ 40 ኪሎ የሚመዝን ስለ ሆነ፥ 400 ሊትር ያህል ወተት ይፈልጋል፤ ጥቂት ላሞች ያሉት አባወራ ይህን በአንድ ቀን ሊያገኝ አይችልም፤ ስለዚህ ከጎረቤቱ ጋር መተባበር አለበት። ትልቅ ሆኖ መሠራቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በረዶ መንገድ በሚዘጋበት ረጅም ክረምት ሳይበላሽ የሚቆይ ስንቅ ማስፈለጉ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ይረዳል፤ ከተረዳም በኋላ የአይቡ ቅርጽ፥ የመንደሩ ሥርዓትና የተራራው አየር አንድ ነገር መሆናቸውን ያያል። (በነገራችን ላይ፥ ይህንን ሁሉ በአማርኛ «አይብ» ብሎ መጥራት ሳይወዱ በግድ የሚደረግ ነው። የእኛ አይብ ከአሬራ ተለይቶ ወዲያው የሚበላ ሲሆን፥ የእነርሱ ግን በጓዳ ውስጥ ወራት፥ አንዳንዱም ዓመት የሚቈይ ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።)

ከዚህ መጽሐፍ በኋላ የመጡት ጽሑፎች ሥራውን ትተው ካርታውን ያዙ። ካርታው ራሱ የት እንደ ተወለደ መጠየቅ ተገቢ ነው። አብዮቱ በ1790 የጥንቱን አውራጃዎች ሽሮ አገሩን ዴፓርትማን በተባሉ የአስተዳደር ክፍሎች ከፈለ። ወዲያው በ1809 ካዴ ደ ጋሲኩር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ከተሞች በሚበላውና በሚጠጣው ነገር ተሥለው የሚታዩበት የፈረንሳይ ካርታ ወጣ። በ1900 የመኪና ጎማ ሠሪው ሚሽሊን ለነጂዎች መምሪያ ማደል ጀመረ፤ ከ1921 ጀምሮም ኩርኖንስኪና ማርሴል ሩፍ እያንዳንዱ አውራጃ የሚመካበትን ምግብ የሚዘረዝሩ ተከታታይ መጻሕፍት አወጡ። ስለዚህ በመንግሥት መዝገብ የጠፉት አውራጃዎች በገበታ ላይ ተመለሱ ማለት ይቻላል። ነገር ግን ካርታው የተሣለው ለገዢና ለመንገደኛ ነበር፤ የሚያበስለውና የሚያመርተው ሰው በላዩ ላይ የለም። ይህ ካርታ ሳይለወጥ ወደ ሕፃናት ክፍል ሲገባ፥ ሕፃኑን ሳያስበው ጎብኚ አደረገው።

የተረቱን ጉዳት በግልጽ የሚያሳየው የካማምቤር ታሪክ ነው። ለልጆች የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በ1791 በአብዮቱ ጊዜ ለአዲሱ ሕግ አልምልም ያለ ከብሪ አገር የሸሸ ቄስ በኖርማንዲ ተሸሽጎ ሳለ፥ ማሪ ሃሬል ለተባለች ባላገር የአይብ አሠራር ምሥጢር ገለጠላት፤ ካማምቤርም ተወለደ። ነገር ግን ቶማ ኮርኔይ በ1708 ባሳተመው የጂኦግራፊ መዝገበ ቃላት፥ ወደ ቪሙቲዬ ገበያ የካማምቤር አይብ ይመጣ እንደ ነበር ጽፏል። ይኸውም ቄሱ ከመሸሹ ከ80 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ማሪ ሃሬል በእውነት የነበረች ሴት ናት፤ ዘሮቿም አይቡን በማስፋፋት ታላቅ ሥራ ሠርተዋል፤ ፈጣሪ ያደረጋት ግን ከእርሷ በኋላ የመጣ ነገር ነው። በ1926 ጆዜፍ ክኒሪም የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም፥ ከሕመሜ የፈወሰኝ ይህ አይብ ነው ብሎ ወደ ቪሙቲዬ መጥቶ ለሴቲቱ መታሰቢያ እንዲቆም ገንዘብ ሰጠ። በ1928 የቀድሞው ፕሬዚዳንት አሌክሳንድር ሚልራን በተገኙበት ሐውልቱ ተመረቀ። ያው 1926 ደግሞ የኦርሌያን ፍርድ ቤት ካማምቤር የሚለው ስም የማንም ንብረት አይደለም፥ የትም የሚሠራ ሰው ሊጠራበት ይችላል ብሎ የፈረደበት ዓመት ነው። ስሙን በፍርድ ያጡት ኖርማንዶች እናቱን በድንጋይ አቆሙ። ሐውልቱ በ1944 በአየር ድብደባ ጊዜ ራሱን አጣ፤ አዲሱም በኦሃዮ ከሚገኙ የአይብ ሠራተኞች በተገኘ ገንዘብ ቆመ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለልጅ የማይነገር ምን አለ? እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይልቅ ይጣፍጣል። የባቡር ሐዲድ ኖርማንዲን ከፓሪስ ጋር ማገናኘቱ፥ በ1890 አካባቢ ከስስ እንጨት የተሠራች ክብ ሣጥን ተፈልስፋ አይቡ ሳይጨፈለቅ ሩቅ አገር መሄዱ፥ በ1914–18ቱ ጦርነት ወታደሮች ምሽግ ውስጥ ሆነው መብላታቸው፤ ካማምቤርን የመላው አገር ምግብ ያደረጉት እነዚህ ናቸው። ነጭ የሆነውም በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአይብ ሠሪዎች የተመረጠ ሻጋታ ስለ ተዘራበት ነው፤ ከዚያ በፊት ቆዳው ሰማያዊና ግራጫ ነበር። ቅድመ አያቶቻቸው ያዩት ካማምቤር ነጭ እንዳልነበረ የሰሙ ልጆች፥ ባህል የሚባለው ነገር እንደሚለወጥ ለመረዳት ሌላ ትምህርት አያሻቸውም።

የካሱሌም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ካሱሌ የአሳማ ሥጋ፥ ቋሊማና በራሱ ስብ ተቀቅሎ የተቀመጠ የዝይ ወይም የዳክዬ ሥጋ ከአደንጓሬ ጋር በሸክላ ዕቃ ለብዙ ሰዓት የሚበስልበት ወጥ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ካሶል ከተባለው ከሸክላው ነው። እንግሊዞች ካስተልኖዳሪን በመቶ ዓመቱ ጦርነት በከበቡ ጊዜ፥ የከተማው ሰዎች ያላቸውን ሁሉ በአንድ ድስት ቀቅለው በልተው ጠላትን አባረሩ ይባላል። ታሪክ የሚያውቀው ግን በ1355 የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድ ከተማውን ማቃጠሉን ነው። አደንጓሬም የአሜሪካ ተክል ስለ ሆነ ከ1492 በፊት በዚያ ድስት ሊገባ አይችልም። ተረቱን ለማዳን የሚሹ፥ ያን ጊዜ የተቀቀለው ባቄላ ነበር ይላሉ፤ ይህ ከሆነ ደግሞ የተቀቀለው ሌላ ምግብ ነው። ፕሮስፔር ሞንታኜ የተባለው የወጥ ሊቅ በ1929 ሦስቱን ከተሞች ለማስታረቅ፥ የካስተልኖዳሪው ካሱሌ አብ፥ የካርካሶኑ ወልድ፥ የቱሉዙ መንፈስ ቅዱስ ነው ብሏል። በምሥጢረ ሥላሴ ላደገ ጆሮ ይህ ቀልድ ይከብዳል፤ በፈረንሳይ ግን በልጆች መጽሐፍ ሳይቀር ይጠቀሳል።

ስለ ሮክፎር አይብም፥ እረኛው ቆንጆ ልጃገረድ ተከትሎ ምሳውን በዋሻ ረሳ፥ በተመለሰም ጊዜ ሻግቶ አገኘው የሚለው ተረት ሁሌ ይደገማል። እዚህ የሚያስቆጨው የተረቱ ሐሰትነት አይደለም፤ ዋሻውን መጋረዱ ነው። የኮምባሉ ተራራ ጥንት ተደርምሶ ስለ ነበር፥ በፍርስራሹ መካከል ፍለሪን የሚባሉ ስንጥቆች አሉ፤ በእነርሱ በኩል እርጥብና ቀዝቃዛ ነፋስ ዘወትር ወደ ጓዳዎቹ ይገባል፥ ለሻጋታውም ተስማሚ አየር ያበጅለታል። በ1666 የቱሉዝ ፓርላማ ሌላ አይብ በሮክፎር ስም እንዳይሸጥ የወሰነው፥ በ1925ም ልዩ ሕግ የወጣለት፥ አይቡ ከዚያ ተራራ እስትንፋስ ስለማይለይ ነው። ልጃገረዲቱን ትቶ ተራራውን የሚያሳይ መምህር ተማሪዎቹን አያጣም።

ከሁሉ የከፋው ግን የረሃብ ምግብ «ልዩ ጣዕም» ተብሎ መቅረቡ ነው። የብሬታኝ ጥቁር ቂጣ የሚሠራበት ሳራዘን የተባለው እህል ስንዴ አይደለም፤ ስንዴ በማይበቅልበት ኮምጣጣ መሬት ላይ በሦስት ወር ያህል የሚደርስ ሌላ ተክል ነው። ድኻው ገበሬ ስንዴ ሲያገኝ ለባለ መሬቱ ኪራይና ለገበያ ያደርገውና፥ ራሱ ሳራዘኑን በምጣድ ጋግሮ ይበላ ነበር። በሴቬንና በአርዴሽ ተራሮችም ሻተኝ የተባለውን የዛፍ ፍሬ አድርቀው ክረምቱን ይሻገሩ ነበር፤ ዛፉንም «የዳቦ ዛፍ» ይሉት ነበር። ለልጆች የሚጻፈው ይህን ሁሉ በአንድ መስመር፥ «አያቶች እጅግ የሚወዱት» ብሎ ያልፈዋል። አያቶች ወደው ይሆናል፤ ምርጫ ግን አልነበራቸውም። (ቂጣውንም «የፈረንሳዮች እንጀራ» ብሎ ለእኛ ተማሪዎች ማስረዳት የሚቀናቸው አሉ። ምጣዱ ይመሳሰላል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን ያንኑ የካርታውን ስሕተት በሌላ አገር መድገም ነው።)

አሁን የሚጠየቀው፥ ካርታው የሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ማን ነው የሚለው ነው። ዛሬ በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ውስጥ አያቱ ከካቢሊ፥ ከሴኔጋል ወይም ከፖርቱጋል የመጣ ልጅ ብዙ ነው። መምህሩ የየአያቶቻችሁን አውራጃ ምግብ አምጡ ሲል ይህ ልጅ የሚጠቁመው ቦታ በካርታው ላይ የለም። በአልዛስ ላይ የተሣለውንም ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ልጅ አለ። ኩስኩስ፥ በተለይ አልጄሪያ በ1962 ነጻ ከወጣች በኋላ ከተሰደዱትና ከተመለሱት ሰዎች ጋር በመላ አገሩ ተሠራጭቶ፥ ፈረንሳዮች አብልጠው የሚወዱት ምግብ ምን እንደ ሆነ በተጠየቁ ጊዜ ደጋግሞ ከፊተኞቹ መካከል ተቈጥሯል፤ በሕፃናቱ ካርታ ግን አይገኝም። ካርታው አንድን ምግብ ለአንድ አፈር ስለሚሰጥ፥ ተጓዥ ምግብን የሚያኖርበት ስፍራ አላዘጋጀም። አደንጓሬው ግን ራሱ ስደተኛ ነበር፤ ይህን ያልነገረ መጽሐፍ ስለ ኩስኩስም መናገር አይችልም።

መልካም ሙከራ የለም ማለት አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት ዣክ ፒዩዜ የተባለው የቱር ኬሚስትና የወይን ጠጅ ሊቅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጣዕም ትምህርት አስጀመረ። ልጆቹ ስለ ንግሥታት አይነገራቸውም፤ ያሸትታሉ፥ ይዳስሳሉ፥ ይቀምሳሉ፥ ያገኙትንም በገዛ ቃላቸው ይናገራሉ። ይህ ትምህርት ስለ ታሪክ የሚለው ጥቂት ቢሆንም፥ ቢያንስ ያልሆነውን ሆነ አይልም፤ የማንንም ልጅ አያት አይጠይቅም። በ1990 የተጀመረው የጣዕም ሳምንት ከዚህ የበለጠ ሰፊ ነው፤ ከአስጀማሪዎቹ አንዱ የስኳር አምራቾች ማኅበር መሆኑን ግን ወላጅ ቢያውቀው አይከፋም። ዩኔስኮም በ2010 የመዘገበው ከእነዚህ ምግቦች አንዱን እንኳ አይደለም፤ የመዘገበው ፈረንሳዮች ልደትን፥ ሰርግንና የመሳሰለውን ለማክበር ተሰብስበው የሚበሉበትን የማዕድ ሥርዓት ነው። ብዙ የልጆች ጽሑፍ ይህን ልዩነት ስቶ፥ ዩኔስኮ የፈረንሳይን ምግብ የዓለም አንደኛ አደረገው እስከ ማለት ደርሷል።

ሥርዓቱን ለሕፃን ለማስረዳት ከነገሥታት ኬክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የሰብአ ሰገልን መምጣት በምታከብርበት በጃንዋሪ 6፥ ወይም በዚያው ሰሞን፥ በውስጡ አንድ ባቄላ የተደበቀበት ኬክ ይቆረሳል፤ ዛሬ በባቄላው ፈንታ ትንሽ የሸክላ ምስል ይገባል፥ ስሙ ግን ባቄላ እንደ ሆነ ቀርቷል። ከቤቱ ልጆች ታናሹ ከጠረጴዛው ሥር ይገባና፥ ይህ ቁራሽ ለማን ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ የሚበላውን ሰው ስም ይጠራል። ባቄላው የደረሰው ሰው የወረቀት ዘውድ ደፍቶ ለዚያች ቀን ይነግሣል። ኬኩ በሰሜን አንድ ዓይነት፥ በፕሮቫንስ ደግሞ በስኳር የታሸ ፍሬ ያጌጠ የዳቦ ቀለበት ነው፤ ጨዋታው ግን አንድ ነው፥ ከጠረጴዛው ሥር የሚገባውም ልጅ ከየትኛው አውራጃ እንደ መጣ አይጠየቅም። ዳቦ ጋጋሪዎች በየዓመቱ ወደ ኤሊዜ ቤተ መንግሥት አንድ ትልቅ ኬክ ይዘው ይሄዳሉ፤ በዚያኛው ውስጥ ግን ባቄላ አይገባም፥ የሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት ሊነግሥ አይገባምና።