በአንድ ንግግር ውስጥ ስላሉ ሁለት «አስቸኳይ ጊዜዎች»

በፖለቲካ ንግግር ላይ የሚቀርብ ሂስ ተናጋሪውን ከመውደድና ከመጥላት ርቆ ቃሉን ከነገሩ ጋር ማመዛዘን ይገባዋል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማለት በእኛ ጥምቀት ማግሥት፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሥልጣን ሲይዙ በዋሺንግተን ያሰሙትን ንግግር ነው። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዩዌሪ 20 ቀን 2025 ነበር፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዘመናት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ንግግሩ ብዙ ጉዳይ የሚነካ ስለ ሆነ ሦስቱን ብቻ እናነሣለን፤ ይኸውም በደቡቡ ወሰን ላይ አስቸኳይ ጊዜ እንደሚታወጅ፣ በነዳጅ በኩል ሌላ አስቸኳይ ጊዜ እንደሚታወጅ፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤም «የአሜሪካ ባሕረ ሰላጤ» ተብሎ እንደሚጠራ የተነገረበትን ክፍል ነው።

በአነጋገር ጥበብ በኩል ንግግሩ ደካማ አይደለም። ዐረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ትእዛዝ አዘል ናቸው። ስለ ነዳጅ የተነገረው ዝነኛ ሐረግ በአማርኛ «ቆፍር፣ ወንድሜ፣ ቆፍር» ቢባል በደቦ ላይ ከሚሰማ ማበረታቻ ብዙ የሚርቅ አይመስለንም። ይሁን እንጂ ሐረጉ አዲስ አይደለም። በ2008 በሴንት ፖል ከተማ በተደረገው የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ ማይክል ስቲል የተናገሩት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኤፕሪል 20 ቀን 2010፣ «ዲፕዎተር ሆራይዘን» የተባለው የባሕር መቆፈሪያ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም 87 ቀን ሙሉ ወደዚሁ ባሕረ ሰላጤ ፈሰሰ። በንግግሩ ውስጥ ባሕሩ አዲስ ስም ሲያገኝ ይህ ታሪኩ አልተነሣም።

አሁን ወደ ዋናው ቃል እንምጣ። «አስቸኳይ ጊዜ» ማለት ነገሩ ድንገተኛና ለመደበኛው ሕግ ፋታ የማይሰጥ ነው ማለት ነው። በወሰኑ በኩል ችግር አልነበረም የሚል ሰው እውነትን ይበድላል። በዲሴምበር 2023 ብቻ የወሰን ጠባቂዎች በደቡቡ ወሰን ሰው የያዙት ወደ 250,000 ጊዜ ያህል ነበር። ነገር ግን ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2024፣ ይኸው ቁጥር ከ50,000 በታች ወርዷል። ለመውረዱም ምክንያት ከሆኑት መካከል ሜክሲኮ በአገርዋ ውስጥ ያጠበቀችው ቁጥጥርና ፕሬዚዳንት ባይደን በጁን 2024 በጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ የጣሉት ገደብ ይገኛሉ። (ስለዚህ ዴሞክራቶቹም በዚህ ጉዳይ ንጹሐን ናቸው ለማለት አይቻልም።) በነዳጅ በኩል ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አሜሪካ በ2024 በቀን በአማካይ ከ13 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ዘይት አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት ይህን ያህል ያወጣ አገር የለም። የኃይል እጥረት አለ ተብሎ በታወጀበት በዚያው ቀን በባሕር ላይ ለነፋስ ኃይል የሚሰጠው አዲስ ኪራይ እንዲቆም ታዘዘ። የተራበ ሰው ከቀረበለት ማዕድ ግማሹን ሲገፋ ብናይ ረኀቡን እንጠራጠራለን።

ጓደኞቻችን «ሕዝቡ የመረጣቸው ይህን ሊያደርጉ ነው፤ ቃሉ ምን ቸገራችሁ?» ይሉን ይሆናል። ቃሉ የሚያስቸግረን ሥልጣን ስለሚያወርስ ነው። የ1976ቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ የወጣው የፕሬዚዳንቶችን ሥልጣን ለመገደብ ነበር፤ ነገር ግን አዋጁ ከታወጀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ ወደ ወሰን ወታደር ለመጥራትና ለጦር ሠራዊት ግንባታ የተመደበውን ገንዘብ ለአጥር ለማዋል መንገድ ይከፈትላቸዋል። እንደዚህ ያለ ቃል ከአነጋገር ጌጥ ጋር ሊቈጠር አይገባውም።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ባሕሩ ነው። በዚህ ባሕረ ሰላጤ ላይ ሁለቱ አገሮች ወሰን አላቸው። ከወሰኑ በታች ደግሞ ዘይት ወይም ጋዝ ከአንዱ ወደ ሌላው አልፎ ሊተኛ ይችላል፤ አንዱ በወገኑ ሲቀዳ የሌላውንም ሊስብ ይችላል። ሁለቱ መንግሥታት ይህን እንዴት አድርገው ያዙት? በ1978 የባሕሩን ወሰን በውል ወሰኑ። በ2000 ደግሞ ወሰኑ ሳይወሰን የቀረበትን የምዕራቡን ክፍት ቦታ ተካፍለው፣ ከመስመሩ ግራና ቀኝ 1.4 የባሕር ማይል ለአሥር ዓመት ሳይቆፈር እንዲቆይ ተስማሙ። በ2012 በሎስ ካቦስ በተፈረመውና በ2014 በጸናው ስምምነት ወሰን አቋራጭ የሆነውን ዘይት በጋራ የሚያወጡበትን ሥርዓት አበጁ። ያለ ጩኸትና ያለ አዋጅ፣ በመሐንዲስና በሕግ ዐዋቂ የተሠራ ሥራ ነው። ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት የስም ለውጥ ትእዛዝ እንኳ ቢነበብ አዲሱ ስም የሚጸናው ከሜክሲኮና ከኩባ ጋር እስከሚያዋስነው መስመር ድረስ ብቻ ነው። በመድረክ ላይ ባሕሩ በሙሉ ተሰየመ፤ በወረቀት ላይ ግን የቀድሞው ውል ተከበረ። (የሜክሲኮ ፕሬዚዳንት ክላውዲያ ሼይንባውም ጥቂት ቀን ቀደም ብለው የ1607 ካርታ አሳይተው ሰሜን አሜሪካን «ሜክሲካዊት አሜሪካ» ብንላትስ ማለታቸው ከንግግሩ የበለጠ ቀልድ ዐዋቂነት አለው።)

ስለዚህ ወሰን ተሻግሮ ለሚፈስ ዘይት ትዕግሥት፣ ውልና የአሥር ዓመት ዕረፍት ተገኘለት ማለት ነው። በመሬቱ ወሰን ላይ ለቆመው ሰውስ? በዚያን ጊዜ በሜክሲኮ ወገን ሆነው በስልክ ፕሮግራም ቀጠሮ የያዙ ወደ 30,000 የሚጠጉ ሰዎች ነበሩ። እነዚህ በሌሊት ወንዝ የተሻገሩ አይደሉም፤ ራሱ የአሜሪካ መንግሥት በሠራው መንገድ ተመዝግበው ተራቸውን ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው። ንግግሩ በተሰማበት ሰዓት ገደማ ፕሮግራሙ ተዘጋ፣ ቀጠሮዎቹም ሁሉ ተሰረዙ። አጥር ዘለው ስለሚገቡ ሰዎች ብዙ በተነገረበት በዚያ ንግግር ውስጥ በሩን አንኳኩተው ስለቆሙት ስለ እነዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር አላገኘንም።