የሚተረተር ጨርቅ

የሸማኔ ልጅ ነኝ። ጨርቅ ማለት ለእኔ ድርና ማግ ነበር፤ ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፣ ማጉ በመወርወሪያ ይመላለሳል። ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ልማር ስገባ እጄ ሥራውን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። የሹራብ ማሽን ከመንካታችን በፊት ግን እያንዳንዳችን 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ ቁራጭ በእጃችን ሠርተን እንድናመጣ ታዘዝን። ወንዶቹ ሳቅን። ሹራብ የእናቶች ሥራ ነው አልን።

20 ቀለበት ይዤ ጀመርኩ። ጥቂት ረድፍ ሄጄ ብቆጥር 27 ሆኗል። ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል አሳልፌ መመለሱን በረሳሁ ቁጥር መርፌው ላይ ይጠመጠምና ያልጋበዝኩት ቀለበት ይወለዳል። ቁራጩ ከታች ጠቦ ከላይ ሰፍቶ ጉርድ ቀሚስ መሰለ። ያም ሆኖ ዋናው ጣጣዬ ማጥበቅ ነበር። እያንዳንዱን ቀለበት እንደ ቋጠሮ ስለማጠብቀው በሚቀጥለው ረድፍ መርፌው አልገባ ይለኛል።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ በረንዳ ላይ ሆነው ያዩኝ ነበር። እሳቸው የሚሠሩት ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ በተሞረዱ መርፌዎች ነው።

«አንተ ልጅ፣ ክሩ ምን አድርጎህ ነው እንዲህ የምታንቀው?»

«እጄ የሸማኔ እጅ ሆኖ ነው እትዬ።»

«እንግዲያው አባትህ ይወጥሩ። አንተ አላላ።»

ክፍል ውስጥ በሥዕል ያየሁት ነገር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በሽመና ክሩ ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ ጋቢ ብትስበው እምብዛም አይለጠጥም። በሹራብ ግን ክሩ እየዞረ ስለሚሄድ፣ ስትስበው ቀለበቱ ቅርጹን ይለውጣል እንጂ ክሩ ራሱ አይረዝምም። ካልሲ ተረከዝን አልፎ ተመልሶ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚሰበሰበው፣ ቲሸርት በጭንቅላት የሚገባው በዚህ ነው። ቲሸርትም ሹራብ ነው፤ ክሩ ቀጥኖ፣ ሥራው የማሽን ሆኖ እንጂ። የጨርቁ ምቾት ቀለበት ውስጥ የተተወው ባዶ ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ቦታ ነበር በጉልበት የምዘጋው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረትም እዚህ አይሠራም። የሚተባበር ብዙ ድር የለም፤ አንድ ክር ነው ከራሱ ጋር የሚያያዘው። ስለዚህም ይተረተራል። መጀመሪያ ከጀመርኩበት ጫፍ ብስበው እምቢ አለኝ፤ ከጨረስኩበት በኩል ስስበው ግን ረድፉ እንደ ዝናብ ወረደ። ያንን ቁራጭ አራት ጊዜ ተርትሬዋለሁ። አባቴ ቤት የተሠራ ነገር ሲፈርስ አላየሁም፤ ሸማኔ ክር ቢበጠስበት ቀጥሎ ይሄዳል።

በኋላ ማሽኑ ጋ ደረስን። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ በ1589 እ.ኤ.አ. የካልሲ ማሽን ሲሠራ ለእያንዳንዱ ቀለበት የራሱን መንጠቆ ሰጥቶ ረድፉን በአንድ ጊዜ አወጣው። ጎበዝ ሰው ነው። እኔ ግን እትዬን ነው የማደንቀው።

ምክንያቱም ክር የሚገዙት ከክር ሻጭ አይደለም። እኔ «ንጹሕ ሱፍ» ተብዬ የገዛሁትን ክር ጫፉን በክብሪት ብለኩሰው ቀለጠና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ሆነ፤ አክሪሊክ ነው። ሱፍ ሲቃጠል የፀጉር ጠረን አለው፣ አመዱም በጣት ይደቃል። እትዬ ሱፍ የሚፈልጉት ሳልባጅ ተራ ነው። አሮጌ ሹራብ ያነሡና ደረቱን ሳያዩ ወደ ውስጥ ይገለብጡታል፤ የሚያዩት መጋጠሚያውን ነው። አካሉና እጅጌው ቀለበት እየተጨመረና እየተቀነሰ በልኩ የተሠራ ከሆነ ጠርዙ ሙሉ ነው፤ ስፌቱ ተፈትቶ ሲተረተር ክሩ ሳይቋረጥ ይወጣል። ከትልቅ ጨርቅ በመቀስ ተቆርጦ ጠርዙ በኦቨርሎክ የተዘጋ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ጠርዙ ላይ ተቆርጧል። ይህን ለይተው ያልወደዱትን ይጥሉታል። የተፈታውን ክር ወንበር ላይ ጠምጥመው፣ ውሃ ነክረው፣ ድንጋይ አንጠልጥለው ሽብሽቡን ያወጡለታል።

ስለ ሹራብ አገጣጠም በተፈተንንበት ሳምንት፣ ሙሉ ነጥብ ካገኘሁ በኋላ፣ ብቻዬን ሄጄ አንድ ሰማያዊ ሹራብ መረጥኩ። ሱፍነቱን አረጋግጫለሁ፤ ቀለሙም ልብ የሚሰርቅ ነበር። ማታ እትዬ ፊት ተቀምጬ ስስበው አንድ ክንድ ያህል ወጣና ተቋረጠ። ደግሜ ሳብኩ፤ ደግሞ ተቋረጠ።

እትዬ ምንም አላሉም። ቁርጥራጩን ሰብስበው ትራስ ውስጥ ጨመሩት።