አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ዛሬ አንድ ቃል ልከስ ነው የመጣሁት። ቃሉ «ይውጣልኝ» ይባላል። ሰው ተናዶ ብርጭቆ ሲወረውር፣ በር ሲያላጋ፣ ልጁን በቀበቶ ሲገርፍ «ምን ላድርግ፣ ይውጣልኝ ብዬ እኮ ነው» ይላል። ሰሚውም «እውነቱን ነው፣ በሆዱ ከሚይዘው ይሻላል» ብሎ ያልፈዋል። «ለመሆኑ ወጣልህ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ከቃሉ ጀርባ የድስት ምስል አለ። ንዴት እንፋሎት ነው፤ ካልተነፈሰ ክዳኑን ይፈነቅላል ነው ነገሩ። ይህ እምነት የእኛ ብቻ አይደለም። የቪየናዎቹ ሐኪሞች ብሮየርና ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1895 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ታፍኖ የቆየ ስሜት ሲወጣ ሕመምተኛው እንደሚሻለው ጽፈው ነበር። ሐሳቡ ከሐኪም ክፍል ወጥቶ ፊልም ውስጥ ገባ፣ ምክር ሰጪ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ዛሬማ በውጭ አገር ከተሞች ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሳህንና ቴሌቪዥን የሚሰባብርባቸው ክፍሎች አሉ። ንዴትም ገበያ አገኘ ማለት ነው።

ግን እውነት ነው ወይ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ብራድ ቡሽማን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ጥናት 600 የኮሌጅ ተማሪዎችን ሆን ብሎ አናደደ። የጻፉት ጽሑፍ በክፉ ትችት ተብጠልጥሎ ተመለሰላቸው። ከዚያ አንዱ ቡድን የተቸውን ሰው እያሰበ የቦክስ መለማመጃ ከረጢት እንዲደበድብ ተደረገ። ሌላው ሰውነቱን ስለማጠንከር እያሰበ ደበደበ። ሦስተኛው ምንም ሳያደርግ ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጠ። በመጨረሻ ሁሉም ተቺያቸውን በኃይለኛ ድምፅ የሚቀጡበት ዕድል ተሰጣቸው። «ይውጣልኝ» እውነት ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ በረድ ማለት ነበረባቸው። የሆነው ተቃራኒው ነው። ከሁሉ ይበልጥ የተናደዱትም፣ በቅጣቱ የበረቱትም እነሱ ሆኑ። ዝም ብለው የተቀመጡት ተሻሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ይኸው ተመራማሪ ከሶፊ ኬርቪክ ጋር 154 ጥናቶችን ሰብስቦ መዘነ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ከ10 ሺሕ በላይ ነው። ንዴትን የቀነሱት ሰውነትን የሚያረጋጉ ነገሮች ናቸው፤ በረጅሙ መተንፈስ፣ ጡንቻን ማላላት፣ አእምሮን ማሳረፍ። የልብ ምትን የሚያፋጥኑት በጥቅሉ ሲታዩ አልረዱም፤ ሶምሶማ እንዲያውም አባባሰ። የሯጮች አገር ልጆች ነንና ይህ ቅር ሊለን ይችላል። ሩጫ ለልብ ደግ ነው፤ ለንዴት ግን መድኃኒት ሆኖ አልተገኘም።

አንድ ነገር ግን አልክድም። የላቦራቶሪ ድምፅ የቤት ውስጥ ቀበቶ አይደለም፤ የአሜሪካ ተማሪም የእኛ አባወራ አይደለም። ስለዚህ ወደ ራሳችን ማስረጃ እንምጣ።

አቶ እገሌን አለቃቸው በሰው ፊት ዘለፋቸው። እንፋሎት ቢሆን ኖሮ እዚያው በፈነዳ። እሳቸው ግን «እሺ ጌታዬ» ብለው ወጡ። ታክሲ ውስጥ አንድ ጡንቸኛ ጎረምሳ ገፋቸው፤ ትከሻውን አየት አድርገው ዝም አሉ። ቀጭኑ ወያላ መልስ ሲያዘገይባቸው ግን ጮኹበት። ቤት ሲገቡ ሚስታቸው ላይ፣ ከዚያ ልጃቸው ላይ ወረደ። ይህ እንግዲህ ምን ዓይነት እንፋሎት ነው፣ ማዕረግ እየለየ የሚፈነዳ?

የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1939 ጠበኝነት ሁሉ ከመሰናክል ይወለዳል፣ መሰናክልም ምንጊዜም ወደ ጠበኝነት ይገፋል ብለው ነበር። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ኒል ሚለር በ1941 ሐሳቡን አሻሻለው፤ የተሰናከለ ሁሉ አይማታም፣ ሌላም ነገር ሊያደርግ ይችላል ሲል። ወደ ሌላ የዞረ ንዴትንም እነዚሁ ሊቃውንት አጥንተዋል። የእኛ ሰው ግን ይህን በሦስት ቃል ጨርሶታል፦ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን»። ልብ በሉ፣ «ተናዶ» አላለም፤ «ፈርቶ» ነው ያለው። የሚማታው እጅ ያበደ እጅ አይደለም። የሚፈራውን ለይቶ የሚያውቅ፣ ስለዚህም ራሱን መግታት የሚችል እጅ ነው። አለቃው ፊት የታገሠ ሰው ሚስቱ ፊት መታገሥ አቃተኝ ቢል ማን ያምነዋል?

ደግሞስ ከአባት የወጣው የት ገባ? አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 በስታንፎርድ 72 ሕፃናትን ይዞ ባደረገው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩት ልጆች ምቱንም ስድቡንም እንዳለ ሲደግሙት ታይተዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤትና በሕፃናት ማሳደጊያ ልጅን መደብደብ ከልክሏል። አንቀጹ ግን የቤቱን ደጃፍ በስሙ አይጠራም። እዚያ ውስጥ ያለው መምህር አባትና እናት ነው፤ ትምህርቱም ያለ ደብተር ይያዛል።

«ታዲያ አፍነነው እንሙት?» የሚል ይኖራል። የለም። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የተነሣ ዱላ እንደተነሣ ይቆም ነበር። ቃሉ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ አይጠይቅም፤ ጊዜ ነው የሚገዛው። ደም እስኪበርድ ያለችው ያቺ ጥቂት ደቂቃ ዛሬ ተመራማሪዎቹ ከሚመክሩት ጋር ትገጥማለች። ነገሩ የሚወራው ከዚያ በኋላ፣ ተቀምጦ፣ በየተራ ነው። «ትናንት በሰው ፊት መሳደብህ ጎድቶኛል» ማለት መተንፈስ ሳይሆን ነገርን መፍታት ነው።

ሽምግልናችንንም ያለ ነውር ነው ብዬ አላሞካሸውም። የተደበደበችን ሴት «ቻይው፣ ተናዶ እኮ ነው» እያለ ወደዚያው ቤት የመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው። እዚያም ላይ ያው ቃል ነው ጠበቃ ሆኖ የቆመው። ገላጋይ ማብረድ ብቻ ሳይሆን ተጠያቂውንም መለየት አለበት። በየመንገዱ ጠብ ሲነሣ ገላጋይ ከመሆን ይልቅ ሞባይል አውጥቶ የሚቀርጸውም የማገዶው አቀባይ መሆኑን አይርሳ።

እንግዲህ ከእንግዲህ አንድ ሰው «ይውጣልኝ ብዬ ነው» ሲላችሁ በትሕትና አንዲት ጥያቄ ጠይቁት፦ «ለምን አለቃህ ላይ አልወጣልህም?»