ጎሉን ማን ነገረን?

ቡታጅራ ውስጥ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች በተጠጋጉበት ሰፈር ቅዳሜ ማታ ጨዋታ አይታችሁ የምታውቁ የምለው ይገባችኋል። እናንተ ባላችሁበት ቤት አጥቂው ገና ኳሷን በደረቱ እያበረደ ነው። ከጎረቤት ቤት ግን “ጎ...ል!” የሚል ጩኸት ግድግዳውን ጥሶ ይመጣል። የእነርሱ ሪሲቨር ከእናንተ በጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። ከዚያ በኋላ የምታዩት ኳስ ሳይሆን የሰማችሁት ዜና እውነት መሆኑን ነው። “ድምፁን ጨምረው!” እያልን ባለቤቱን የምንጨቀጭቀው ለዚህም ይመስለኛል፤ በስታዲየሙ ጩኸት የጎረቤትን ጩኸት ለመሸፈን።

እኔ ስለዚህ ጩኸት ማሰብ የጀመርኩት ግን ሲጠፋ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ኳስ ቤቶቻችን ተዘግተው ነበር። ሰኔ 10 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በባዶ ስታዲየም ሲቀጥል ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቤት ቁጭ ብለን አየን። አስቶን ቪላ ከሼፊልድ ዩናይትድ ነበር። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ግን ይዘምራል። ያ ድምፅ ፊፋ ለሚባለው የቪዲዮ ጌም ከተዘጋጀ የደጋፊ ድምፅ የተወሰደ ሲሆን፣ ባለሙያ ጨዋታውን እየተከተለ ከፍና ዝቅ ያደርገው ነበር።

ወንድሜ ወደደው። “ያለ ጩኸት ልምምድ ነው የሚመስለው” አለኝ፤ እውነቱን ነው። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን በዚያው ጨዋታ ከዕረፍት በፊት የሆነውን አስታውሱ። የቪላው በረኛ ኳሷን እንዳቀፈ መስመሩን አልፎ ወደ ጎሉ ገባ። የዳኛው ሰዓት ምልክት አልሰጠም፤ ጎሉም አልተቆጠረም፤ ጨዋታው 0 ለ 0 አለቀ። የቴክኖሎጂው ባለቤት ሆክአይ በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ሜዳው ሙሉ ቢሆን ኖሮ የሼፊልድ ደጋፊዎች እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ ባልተቀመጡ ነበር። የተቀዳ ድምፅ ግን ምንም ያየው ነገር የለም። ደስታን ያሰማል፣ ቁጭትንም ያሰማል፤ ምስክር መሆን ግን አይችልም። የእኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ተቃራኒውን አየን። የራሳችን ፕሪሚየር ሊግ በተመረጡ ከተሞች ብቻ መካሄድ ጀመረ፤ ጨዋታዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ በሱፐርስፖርት በቀጥታ ይተላለፉ ጀመር። ወልቂጤ ከተማ፣ “ሠራተኞቹ” የምንላቸው፣ ከሜዳቸውም ከሰዋቸውም ርቀው አዲስ አበባና ጅማ ላይ ይጫወቱ ነበር። ወልቂጤ ያለው ደጋፊ ቡድኑን በቴሌቪዥን ያያል፤ ቡድኑ ግን እርሱን አይሰማውም። በዚያ ጸጥታ መሃል “ሰው አለብህ!”፣ “ብቻህን ነህ!” የሚለው የተጫዋቾች ድምፅ ሳሎናችን ድረስ ይገባ ነበር። ያኔ ነው ተከላካዮች በጨዋታው ሙሉ እርስ በርስ እንደሚነጋገሩ የገባኝ። ይህን ያህል ዓመት ኳስ አይቻለሁ፤ ግማሹን አልሰማሁትም ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ጩኸቱን ስናፍቀው ሰምታችሁኛል። አሁን ደግሞ ልክሰሰው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የእንግሊዞች ጥናት አለ። 40 ዳኞች በሊቨርፑልና በሌስተር ጨዋታ የተፈጠሩ 47 ግጭቶችን በቪዲዮ አይተው እንዲፈርዱ ተደረገ፤ ግማሾቹ ከነጩኸቱ፣ ግማሾቹ ያለ ድምፅ። ጩኸቱን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የሰጡት ጥፋት 15.5 በመቶ ያነሰ ሆነ። ምስሉ ያው ነው፣ ሕጉም ያው ነው። ስታዲየሞች ባዶ በሆኑበት በ2020/21 የውድድር ዘመን ደግሞ በእንግሊዝ ከፍተኛው ሊግ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ቡድኖች ከባለሜዳዎች በለጡ፤ እንግዶች 153 ጊዜ፣ ባለሜዳዎች 144 ጊዜ አሸነፉ። ምክንያቱ ዳኝነቱ ብቻ ነው አልልም፤ ተጫዋቹም ጆሮ አለው።

ይህን ሳነብ ወልቂጤ ላይ ሜዳ ዳር ቆሜ “ፔናሊቲ!” ብዬ የጮህኩበት አንድ ከሰዓት ትዝ አለኝ። የቆምኩት በወዲያኛው ጎል በኩል ነበር። ከዚያ ርቀት ምን አየሁ? ምንም። ከጎኔ ያሉት ጮኹ፣ እኔም ጮኽኩ፤ እነርሱም እንደ እኔው ከጎናቸው የሰሙ ይመስለኛል። ዳኛው ፔናሊቲውን ሰጠ፤ እኛም ተቃቀፍን። የእንግዳው ቡድን በረኛ እጁን ዘርግቶ ወደ እኛ ያየው አስተያየት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። በማግስቱ እሑድ ለወጣቶች ያስተማርኩት በጲላጦስ ፊት ስለጮኸው ሕዝብ ነበር፤ ሁለቱን ግን አላገናኘኋቸውም። ከጮኹት መካከል ስንቱ ክሱን ያውቅ ነበር ብዬ ሌላውን ስጠይቅ ውዬ ገባሁ።

ስለዚህ ባለፈው ወር ቤት ውስጥ አንድ ሙከራ አደረግሁ። አንድ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ ቶሎ ብዬ ድምፁን አጠፋሁና ወንድሜን ፍረድ አልኩት። ድጋሚውን ሁለት ጊዜ አይቶ “ፋውል አይደለም፣ ራሱ ነው የወደቀው” አለ፤ እርግጠኛ ነበር። ከዚያ ድምፁን መለስኩ። ስታዲየሙ በቁጣ እየተናወጠ ነው። ያው ምስል ከሌላ ማዕዘን ሲታይ ወንድሜ ከሶፋው ብድግ አለና፣

“ቆይ፣ ቆይ... ነክቶታል እንዴ?” አለ።