«ስውር ኃይል»፦ ስለ አንድ የጨዋታ ስልት የቀረበ ሂስ



ሂስ በልብ ወለድና በግጥም ላይ ብቻ ተወስኖ ይቅር የሚል ሕግ የለም። ሰው አስቦና አቀናብሮ ለሌላው ሰው ያቀረበው የፈጠራ ሥራ ሁሉ ሊመረመርና ሊመዘን ይገባዋል። በተለይም ሥራው የልጆቻችንን ልብ የገዛ እንደሆነ፣ «የልጅ ጨዋታ ነው» ብሎ ማለፍ ቸልተኝነት እንጂ አዋቂነት አይደለም። ልጅ ዓለምን መጀመሪያ የሚማረው በጨዋታ ነውና፤ ጨዋታው ምን እያስተማረው እንደሆነ መጠየቅ የወላጅም የመምህርም ግዴታ ነው።

ዛሬ ለምርመራ የመረጥነው «ፖኬሞን» በተባለው የጃፓን የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ የሚገኝ አንድ የማጥቂያ ስልት ነው። የእንግሊዝኛ ስሙ ሲተረጎም «ስውር ኃይል» ይሆናል። ስልቱ በራሱ ትንሽ ነገር ነው። ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ጥያቄ በውስጡ ይዟል፤ ይኸውም፦ የአንድ ፍጡር ችሎታ ሲወለድ ተቆርጦ የተሰጠው ነው ወይስ በትምህርትና በድካም የሚገነባ? ጸሐፊው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያለፈ እንደ መሆኑ ይህን ጥያቄ በዋዛ ሊያልፈው አልፈለገም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት መግለጫ ያስፈልጋል። የጨዋታው ሐሳብ አመንጪ ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳትን እየለቀመ ማሰባሰብ የሚወድ ሰው ነበር። ይህንኑ የልጅነት ፍቅሩን ወደ ጨዋታ ለውጦ በ1996 ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጂዎች፣ «ቀይ» እና «አረንጓዴ» የተባሉትን፣ በጃፓን አወጣ። ተጫዋቹ በየጫካውና በየሐይቁ እየዞረ ልዩ ልዩ ፍጡራንን ይይዛል፤ ያሠለጥናል፤ ከሌሎች ጋር ያጋጥማል። እያንዳንዱ ፍጡር በአንድ ጊዜ ከአራት የማይበልጡ ስልቶች ብቻ ይይዛል። ስልቶቹም እንደ እሳት፣ ውሃ፣ ሣር፣ ኤሌክትሪክና በረዶ በመሳሰሉ ባሕርያት የተከፋፈሉ ናቸው። ውሃ እሳትን ያሸንፋል፤ እሳት ሣርን ይበላል፤ ሣር ውሃን ይጠጣል። የጨዋታው ጥበብ ይህን ዝምድና አውቆ መጠቀም ነው።

«ስውር ኃይል» የመጣው በ1999 «ወርቅ» እና «ብር» በተባሉት ቅጂዎች ነው። ተጫዋቹ «የቁጣ ሐይቅ» በተባለ ስፍራ ከሚኖር አንድ ሰው ቤት ስልቱን የሚያስተምር ዕቃ ይቀበላል፤ ቁጥሩ 10 ነው። ይህን ትምህርት እንደ ማጂካርፕ ካሉት ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም ፍጡራን ማለት ይቻላል ሊማሩት ይችላሉ። ነገሩ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱና ያው ትምህርት ለሁሉም ቢሰጥም ከእያንዳንዱ የሚወጣው ኃይል ይለያያል። ከአንዱ እሳት፣ ከሌላው በረዶ፣ ከሦስተኛው ዐለት ይወጣል። በጠቅላላው 16 መልክ አለው። ብርታቱም እንደየፍጡሩ ከ31 እስከ 70 ይደርስ ነበር። ሁለት አንድ ዓይነት ፍጡራን ጎን ለጎን ቆመው ያንኑ ስልት ሲፈጽሙ ሁለት የተለያየ ነገር ሲታይ፣ ያ ቅጽበት በጨዋታው ውስጥ ካሉት ውብ ሐሳቦች አንዱ ነው።

የዚህን ሐሳብ ዋጋ መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አንድ ትምህርት፣ አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ጠመኔ፤ ነገር ግን በአርባ ልጆች ውስጥ አርባ ልዩ ልዩ ነገር ይሆናል። አበው «ሙያ በልብ ነው» ያሉት በከንቱ አይደለም። በተግባርም ሲታይ ስልቱ ደካማውን ይረዳ ነበር። ለምሳሌ ጆልቲየን የተባለው የኤሌክትሪክ ፍጡር በመሬት ባሕርይ ፍጡራን ፊት መብረቁ ከንቱ ነው፤ መሬት ኤሌክትሪክን ጨርሶ አትቀበልምና። ነገር ግን ስውር ኃይሉ በረዶ የሆነለት ጆልቲየን ባላጋራው ያልጠበቀውን መልስ ይሰጣል። ስልቱ በብርታቱ ከታላላቆቹ ተርታ አይሰለፍም። ጥቅሙ የጎደለውን መሙላት ነው።

ደራሲዎቹ ሌላም ብልህ ነገር አክለዋል። በዚያው በ1999ኙ ሥራ «አንኖውን» የተባሉ ፍጡራን አሉ፤ ትርጓሜውም «ያልታወቀ» ማለት ነው። አካላቸው በላቲን ፊደላት ቅርጽ የተሠራ ሲሆን በቁጥር 26 ነበሩ፤ በ2004 የቃለ አጋኖና የጥያቄ ምልክት ተጨምረው 28 ሆኑ። እነዚህ የፊደል ፍጡራን የሚያውቁት ስልት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስውር ኃይል ነው። በ2000 በወጣው «ክሪስታል» በተባለው ቅጂ በጥንታዊ ፍርስራሽ ግድግዳ ላይ እነዚሁ ፊደላት ተደርድረው ቃል ይሠራሉ። አንዱ ግድግዳ «ብርሃን» ይላል፤ ተጫዋቹ ብርሃን ሲያበራበት ይከፈታል። ሌላው «ማምለጥ» ይላል፤ የማምለጫ ገመድ ሲጠቀምበት ይከፈታል። ፊደል ለብቻው ሲቆም ደካማ ፍጡር ነው፤ ተሰልፎ ቃል ሲሆንና አንባቢ ሲያገኝ ግን ድንጋይ ይከፍታል። ማንበብ ምን እንደሆነ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ምስጋና ነው። አሁን ወደ ጉድለቱ እንሂድ።

ስውር ኃይል እሳት ወይም በረዶ የሚሆነው በምንድን ነው? በፍጡሩ ጥረት አይደለም፤ በአሠልጣኙም ፍቅር አይደለም። እያንዳንዱ ፍጡር ሲፈጠር ማሽኑ በዕጣ ቁጥሮች ይሰጠዋል። በ1999 ባሕርዩን የሚወስኑት የማጥቃትና የመከላከል ቁጥሮች ነበሩ። ከ2002 ጀምሮ ስድስት ቁጥሮች ሆኑ፤ ስለ ሕይወት፣ ስለ ማጥቃት፣ ስለ መከላከል፣ ስለ ልዩ ማጥቃት፣ ስለ ልዩ መከላከልና ስለ ፍጥነት፤ እያንዳንዳቸውም ከ0 እስከ 31። ቀመሩ ቁጥሮቹ ጎዶሎ ወይም ሙሉ መሆናቸውን እያየ ባሕርዩን ይወስናል። ቁጥሮቹ በተጫዋቹ ፊት ተጽፈው አይታዩም፤ ፍጡሩም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አይለውጣቸውም።

በእኛ አገር ገበጣ የሚጫወቱ ሰዎች እኩል ጠጠር ይዘው ይጀምራሉ፤ ጠጠሩም በሁለቱም ዓይን ፊት ነው። የተሸነፈ ሰው በምን እንደተሸነፈ ቆጥሮ ያውቃል። እዚህ ግን ልጁ ወራት ሙሉ ያሠለጠነው ፍጡር ስውር ኃይሉ ለምን የማይረባ እንደሆነ የሚነግረው የለም። ቀመሩን ፈልፍለው ያወጡት ያውቃሉ፤ የማያውቀው እምነት ያደረበት ልጅ ብቻ ነው። በ2013 በወጡት «ኤክስ» እና «ዋይ» ቅጂዎች አኒስታር በተባለች ከተማ የስውር ኃይልን ባሕርይ የሚናገር አንድ ሰው አለ። እሱም ቢሆን ምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ እንቁላሉ ነው። ጨዋታው ፍጡራንን ማራባት ስለሚፈቅድ፣ ተፎካካሪ ተጫዋቾች የሚፈልጉት ቁጥር እስኪወጣ ድረስ እንቁላል ያስፈለፍላሉ። የስድስቱ ቁጥሮች ጠቅላላ ድምር ዕድል ሲሰላ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነው። ስለዚህ በአንድ ተፈላጊ ጫጩት ጀርባ አያሌ ያልተፈለጉ ጫጩቶች አሉ፤ እነሱም ስም ሳይወጣላቸው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይገጥሙ ይለቀቃሉ። የጨዋታው ታሪክ በየምዕራፉ «ፍጡራኖቻችሁን ውደዱ፣ እመኑባቸው፣ አብራችሁ እደጉ» እያለ ይሰብካል። አሠራሩ ግን «ቁጥሩን እዩና ጣሉ» ይላል። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ስንናገር ይህ የይዘትና የቅርጽ ግጭት ነው። ሰሙ ፍቅር ነው፤ ወርቁ ምርጫ ነው። ልጅ ደግሞ ከስብከት ይልቅ አሠራርን ቶሎ ይማራል።

ሆኖም ቀመሩ ራሱ ደራሲዎቹ ምናልባት ያላሰቡትን ምስክርነት ይሰጣል። በ1999ኙም ሆነ በ2002ቱ ቀመር ቁጥሮቹ ሁሉ ምሉዕ የሆኑለት ፍጡር ስውር ኃይሉ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ጨለማ»። በ2002ቱ ቀመር እሳትን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ፍጡሩ በፍጥነትና በልዩ ማጥቃት ምሉዕ ሊሆን አይችልም፤ ከ31 ቢበዛ 30 ነው የሚኖረው። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ ፍጹም የተባለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነት የሚመጣው ከጉድለት ነው። እሳት የሚወጣው አንድ ነገር ከጎደለው ነው። ይህን እውነት ፍጹም ቁጥር የሚያሳድዱት ተጫዋቾች ራሳቸው ሳይወዱ በግድ ተምረውታል።

የስሙም ነገር መታየት አለበት። በጃፓንኛ የስልቱ ስም «የሚነቃ ኃይል» እንደ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ግን «ስውር» አለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስውር ማለት አስቀድሞ ያለ፣ ነገር ግን የተደበቀ ማለት ነው፤ ፈላጊው ገልጦ ያየዋል። የሚነቃ ማለት ግን ቀስቃሽ የሚያስፈልገው፣ ሲነቃም አዲስ ነገር የሚሆን ማለት ነው። የመጀመሪያው የመርማሪ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የመምህር ሥራ ነው። በዚህ ረገድ የጃፓንኛው ስም የተሻለ ተስፋ ሰጥቷል፤ አሠራሩ ግን ያገለገለው የእንግሊዝኛውን ስም ነው።

ደራሲዎቹ ጉድለቱን ቀስ በቀስ ለማረም ሞክረዋል። በ2006 ስልቱ ባሕርዩ ምንም ይሁን ምን በልዩ ማጥቃት እንዲቆጠር ተደረገ። በ2013 የብርታት ልዩነት ቀርቶ ለሁሉም 60 ሆነ፤ ይህም ወደ እኩልነት የተደረገ እርምጃ ነበር። በ2016 ደግሞ 100ኛ ደረጃ የደረሰ ፍጡር የብር ወይም የወርቅ ቆርኪ ተከፍሎለት ልዩ ሥልጠና እንዲያገኝና የጎደለው አቅሙ እንዲሞላለት ተፈቀደ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ይህ ሥልጠና የስውር ኃይሉን ባሕርይ አይነካም። አካሉ ይለወጣል፤ ውስጡ ግን የተወለደበት ዕጣ እንደያዘው ይቀራል። በመጨረሻም በ2019 በወጡት «ሰይፍ» እና «ጋሻ» ስልቱ ታገደ። ከዚያ ወዲህ በ2022 «አርሴዩስ» በተባለው ሥራ ብቅ ሲል የተገኘው በፊደል ፍጡራኑ ዘንድ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሲያጣው ኃይሉ ከፊደል ጋር ቀረ።

በዚያው በ2022 መጨረሻ በወጡት «ስካርሌት» እና «ቫዮሌት» ግን ወራሽ አገኘ። «ቴራ ብላስት» የተባለው ስልት እንደ ቀዳሚው ለሁሉም ማለት ይቻላል የሚሰጥ ሲሆን፣ ፍጡሩ በውጊያው መሐል ሲለወጥ የሚይዘውን ባሕርይ ይከተላል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ባሕርይ ሊቀየር ይችላል። የሚፈልጉትን ባሕርይ 50 ስባሪ አጠራቅሞ ሜዳሊ በምትባል ከተማ ወዳለ ምግብ ቤት የሄደ ሰው ያስቀይራል። 50 ስባሪ መሰብሰብ ድካም አለው፤ ግን ድካሙ የት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው፤ ማንንም መጣልም አያስፈልግም። ዕጣ የነበረው ነገር ሥራ ሆነ። ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ያ የድሮው መደነቅ፣ «የእኔስ ምን ይሆን?» የሚለው ጉጉት ቀንሷል። ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ብንባል ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እንመርጣለን።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህን ያደርግልናል። በካምፕ የሚኖር ሰው ቁጥርን ያውቃል፤ የቤተሰብ ቁጥር፣ የራሽን ቁጥር፣ የወረፋ ቁጥር። ልጆቻችንም ሰው በቁጥር ሲለይ እያዩ ያድጋሉ። በዚህ ላይ ደግሞ እኛው ራሳችን፣ በተለይ መምህራን የሆንን፣ «ይህኛው ጭንቅላት አለው፤ ያኛው የለውም» እያልን በሦስተኛ ክፍል ላይ የምንፈርድ ከሆነ፣ ያልታየ ቀመር ይዘን እንቁላል እየመረጥን ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት የምንወድ ሰዎች እንቁላሉ እስኪሄድ መታገሥ አለብን። ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ማንበብ ያቃተው ልጅ የጎደለችው አንዲት ቁጥር ምናልባት የእሳቱ ምክንያት ትሆን ይሆናል።

ስለዚህ ልጆቹን ጨዋታውን እንከልክላቸው አንልም። አብረናቸው ተቀምጠን እንጠይቃቸው፦ «ይህን ጫጩት ለምን ለቀቅኸው? ምን ጎደለው? ማን ነገረህ?» እንበላቸው። መልሳቸው ለጥሩ የክፍል ውይይት በቂ ነው። ስለ ስልቱ ያለን ፍርድ ግን ይህ ነው፦ «ስውር ኃይል» ሐሳቡ የመምህር፣ አሠራሩ የዕጣ ጣይ ነበር። ወራሹ አሠራሩን አርሟል፤ ሐሳቡን ግን ሙሉ በሙሉ አልወረሰም። ሁለቱን የሚያጣምር ገና አልመጣም።

የተለየ አስተያየት ያለው አንባቢ በሚቀጥለው ገጽ ይጻፍልን። ይህችን ወረቀት አንብቦ የጨረሰ ለጎረቤቱ ያስተላልፍ።